የጥሩንባው እርማት

የምስክርነት ቃል

ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ታኅሣሥ 24 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡15
ቃል ሰጪ፦ ዱባለ ወልደሰንበት
ዕድሜ፦ 58 ዓመት
የትውልድ ስፍራ፦ ከፋ፣ ቦንጋ አካባቢ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ከአጣና ተራ በላይ፣ የቤት ቁጥር 412
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ፤ በተጨማሪ የላይኛው ሰፈር መረዳጃ እድር ጥሩንባ ነፊ
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ቱሉ
ጉዳዩ፦ ከታኅሣሥ 20 እስከ 22 ቀን 1978 በወይዘሮ ወለተጻድቅ ውቤ ግቢ ያለ ፈቃድ ስለተደረገ ለቅሶ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ ዱባለ ወልደሰንበት ዛሬ ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በገዛ እግሬ ነው። የመጣሁበትም ምክንያት ጎረቤቴ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ውቤ ከማክሰኞ ጀምሮ ታስረው ስለሚገኙና የታሰሩበት ነገር የእኔ ሥራ ስለሆነ ነው። አሥር አለቃው ምስክር ነዎት ወይስ ተጠርጣሪ ብለው ጠይቀውኝ፣ ሰምተው ሲጨርሱ እርስዎ ይወስኑት ብያለሁ።

በእድራችን ጥሩንባ መንፋት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የምነፋው ማለዳ ሲሆን፣ ከአጣና ተራ መታጠፊያ ጀምሬ እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ በሰባት ቦታ እየቆምኩ የሟችን ስምና የለቅሶውን ቤት እናገራለሁ። ደንቡ የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረማርያም ሳያዙኝ እንዳልነፋ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ስም ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ጥሩንባ አንዴ ከተነፋ መመለሻ የለውም። ለሞተ ሰው ጥሪ አለ፤ አልሞተም ለማለት ግን የተሠራ ጥሪ በእድራችን ደንብ ውስጥ የለም።

የወይዘሮ ወለተጻድቅን ቤተሰብ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አውቃለሁ። ባለቤታቸው አቶ ተክለሃይማኖት በ1966 በሕመም ሲያርፉ ጥሩንባ የነፋሁት እኔ ነኝ። ሁለት ልጆች ቀርተውላቸው ነበር፤ ወንዱ በዛብህ፣ ሴቷ ተሻለች ይባላሉ። በዛብህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን ቁመቱ ማቆሚያ ያጣ ልጅ ነበር። በጥር ወር 1970 እናቱ የትምህርት ቤት ሱሪውን ይዘው መጥተው፣ ይኸው ደግሞ አጠረው፣ ጫፉን ፍታልኝ አሉኝ። ጫፉን ፈትቼ ሦስት ጣት ያህል አስረዘምኩት፣ ተኩሼም መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። የሚወስደው ሰው አልመጣም። በዚያው ሳምንት በዛብህን ከቤቱ ወሰዱት፤ በአራተኛው ቀን አስኮ መንገድ ዳር ተገኘ። እርምጃ የተወሰደበት በዛብህ ተክለሃይማኖት ሬሳው ለቤተሰቡ አልተሰጠም።

በማግስቱ ማለዳ ጥሩንባዬን ይዤ ስወጣ የዛሬው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደመቀ፣ ያን ጊዜ የአብዮት ጥበቃ የነበረ፣ ጠመንጃውን አንግቶ በሬ ላይ ቆሞ ነበር። ልጅ ሳለ የትምህርት ቤት ልብሱን የሰፋሁለት ስለሆነ ጋሼ ይለኛል። “ጋሼ ዱባለ፣ ጥሩንባዋ ዛሬ ታማለች፣ እሺ?” አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ተመልሼ ገባሁ። ለዚያ ቤት ጥሩንባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ መርዶ ሊያረዳ የሄደ ሽማግሌ የለም፣ እናቲቱም ጥቁር አልለበሱም። ማልቀስ እንደማይቻል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ጉሊት ሽንኩርት ሲገዙ አየኋቸው። ደህና አደርክ አሉኝ፣ ደህና አደሩ አልኩ። ስለ ሱሪው አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀና ብዬ ዓይናቸውን አይቼ አላውቅም፤ አፍር ነበር።

ልጃቸው ተሻለች በ1974 ወደ ሮም ሄዳ በአንዲት ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት በሠራተኝነት ተቀጠረች። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤዋ የሚመጣው በእኔ በኩል ነው፤ የማነብላቸውም እኔ ነኝ። ባለፈው ኅዳር የደረሰው ደብዳቤ ዓርብ ታኅሣሥ 18 ቀን ከሮም ተነሥታ በማግስቱ ለገብርኤል አዲስ አበባ እንደምትገባ ይላል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አስነብበውኛል፤ በሦስተኛው ጊዜ ቀኑን እኔ ሳልጨርስ እሳቸው ጨረሱት።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 19 ቀን ንግሥ ስለነበር ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሱቄ ደጃፍ ላይ ሰብሰብ ብሎ ነበር። ሬዲዮ ስላለኝ የሰባት ሰዓቱን ዜና እኔ ጋ መስማት ልማድ ነው። በዚህ ሬዲዮ ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰምተናል። ቤይሩት ሕንፃ ፈረሰ፣ ጣሊያን አገር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ፣ አውሮፕላን ተጠለፈ ይባላል። እኛም ከንፈራችንን እንመጥጣለን፣ አንዱ ምስኪኖች ይላል፣ ሌላው የፈረንጅ ጣጣ ነው ይላል፣ እኔ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የቅዳሜው ግን እንደዚያ አልነበረም። ዜና አንባቢው በሮም አየር ማረፊያ ሽብር ፈጣሪዎች በመንገደኞች ላይ ተኩስ ከፍተው ሰዎች መሞታቸውን ተናገረ።

ሽብር የሚለው ቃል ሲነገር ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ለምን እንደሆነ አሥር አለቃው ጠይቀውኝ፣ እኛ ሰፈር ይህን ቃል ያወቅነው ከሬዲዮ እንዳልሆነ ገልጬላቸዋለሁ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጃቸውን ሊቀበሉ ቦሌ ለመሄድ ነጠላቸውን አጣጥፈው፣ በር ላይ ቆመው ታክሲ የሚጠሩላቸውን ሰው ይጠብቁ ነበር። “ሮምም ሽብር አለ እንዴ?” አሉ። ቀጥለው “ቀዩ ነው ነጩ?” ብለው ጠየቁ። ይህ አነጋገር በአብዮቱ ላይ ማሾፍ አይደለም ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አይደለም ብያለሁ። እሳቸው ሽብር ሲባል የሚያውቁት ሁለት ቀለም ብቻ ነው። ልጃቸው ያለችበት አገር የትኛው እንደገባ ማወቅ ፈልገው ነው።

ጓድ ደመቀም የካኪ ኮቱን እጅጌ ሊያሳጥር እዚያው ነበር። አይዞዎት እማማ፣ ይህ የኢምፔሪያሊስቶች ጉዳይ ነው፣ እኛን አይነካንም አላቸው። ከዚያም በውይይት ክበብ የተማረውን፣ ታጋይ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሽብር ፈጣሪ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀመረ። ከሱቄ አጠገብ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ወይዘሮ ፋሪዳ፣ ሻንጣውን ይዞ የተሰለፈ መንገደኛ ኢምፔሪያሊስት መሆኑ በምን ይታወቃል ብላ ጠየቀችው። ጓድ ደመቀ እጅጌው ምን ያህል ይጠር ብዬ ስጠይቀው ወደ እኔ ዞረ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ቦሌ ሄደው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆዩ። የመጣ መንገደኛ ሁሉ አልቆ ተሻለች አልወጣችም። ብቻቸውን ተመለሱ።

በዚያው ዕለት ከአየር ጤና በመጣ ታክሲ ውስጥ፣ ከሞቱት መካከል አንዲት ሐበሻ አለች የሚል ወሬ መጣ። ማን እንዳወራው አላውቅም፤ ኋላ ፍጹም ሐሰት መሆኑ ታውቋል። ሰፈሩ ግን አመነው። ሌላ ጊዜ የፈረንጅ ጣጣ የሚለው ሰው ሁሉ አሁን ስለ ሮም እንደ ጎረቤት ቀበሌ ያወራ ነበር፤ በስንት ሰዓት ነው፣ የሞቱት ስንት ናቸው፣ ሴቶች አሉበት ወይ ይባላል። እኔ ይህን ሳይ ደስ አላለኝም። ከዚያ በፊት በሬዲዮ የሰማናቸው ሟቾችም እኮ የሰው ልጆች ነበሩ።

እሑድ ታኅሣሥ 20 ቀን ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ጥርሴን ስፍቅ አቶ ገብረማርያምና ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው በሬ ላይ ሲያልፉ አየሁ። ወደ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ቤት ታጠፉ። በእኛ ዘንድ ሦስት ሽማግሌ በማለዳ ጋቢ ለብሶ የሰው በር ካንኳኳ አፍ መክፈት አያስፈልገውም። አቶ ገብረማርያም ኋላ እንደነገሩኝ ግን ሄደው የነበረው ወሬ ሊጠይቁ ብቻ ነው። ከቅዳሴ በፊት ደረስ ብለው፣ ከልጅቷ የሰሙት ነገር ካለ ጠይቀው ሊያጽናኑ ነው። ጋቢውንም የለበሱት ስለበረዳቸው ነው።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ በሩን ከፍተው ሦስቱን አይተው “መጣችሁ? ስምንት ዓመት ዘገያችሁ” አሉ ይላሉ አቶ ገብረማርያም። ቀጥሎ ጮኹ። ጩኸቱን እኔ ከቤቴ ሰማሁ። ሽማግሌ ሲያልፍ አይቻለሁ፣ ጩኸት ሰምቻለሁ፤ ሌላ ምን ያስፈልገኛል? ትእዛዝ ሳልጠብቅ ጥሩንባዬን አንሥቼ መንገድ ላይ ሆኜ ነፋሁ፤ የወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጅ ተሻለች ተክለሃይማኖት በሰው አገር አርፋለች ብዬም ተናገርኩ። አቶ ገብረማርያም በዚያ በኩል፣ ኧረ እኛ ወሬ ልንጠይቅ ነው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጥሩንባዬን ሰሙ። ለካስ ዱባለ የሰማው ነገር አለ ብለው ዝም አሉ። እናቲቱ ሽማግሌዎቹን አመኑ፣ እኔ ጩኸታቸውን አመንኩ፣ ሽማግሌዎቹ ጥሩንባዬን አመኑ። ተሻለች ሞተች ብሎ የነገረን አንድም ሰው አልነበረም።

እስከ ሦስት ሰዓት ድንኳኑ ተተክሎ ግቢው ሞላ። እኔ በእድሩ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለቅሶ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አላየሁም። ከቤቴል፣ ከአስኮ፣ ከወንዙ ማዶ መጣ። ጓድ ደመቀም ራሱ መጥቶ ለቅሶ ደርሷል፤ በሽብር ፈጣሪዎች የተገደለች የላብ አደር ልጅ ናት ብሎ ለድንኳኑ ፈቃድ የሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ የእሑዱና የሰኞው ለቅሶ ያለ ፈቃድ ነው የተባለው ልክ አይደለም። ፈቃዱ የተሰጠው ለሮም ነው።

ሴቶቹ ተሻለችን በስሟ እየጠሩ ያለቅሱ ነበር። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ግን እሑድ ሙሉ ስም ሳይጠሩ ልጄን ልጄን ብቻ ሲሉ ዋሉ። ሰኞ ጠዋት “የእኔ ረጅም” ማለት ጀመሩ። ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ተያየን። ተሻለች አጭር ናት፤ ቀሚሷን የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ ልኳን አውቃለሁ። ማንም ግን አላረማቸውም። ቆይቶ ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት የእኔ ጠይም አለች። ሌላዋ የእኔ ባለ ደብተር፣ ሌላዋ የእኔ ሳቂታ አለች። ከዚያ በኋላ ለቅሶው የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ስምንት ዓመት የታፈነ ነገር ነው የወጣው፤ እኔም አለቀስኩ።

እነማን እንዳለቀሱ፣ የማንን ስም እንደጠሩ እንድዘረዝር ተጠይቄ ስመልስ፣ ስም አልተጠራም። ረጅም፣ ጠይም፣ ሳቂታ የሚል ስም ያለው ሰው በመዝገብ ካለ ተፈልጎ ይምጣ። የሴቶቹን ማንነት በተመለከተ ጥሩንባ የሚነፋ ሰው ጆሮው ይደክማል፤ የእኔም ደክሟል።

ሰኞ ታኅሣሥ 21 ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሞተር ብስክሌት የሚዞር መልእክተኛ በእኔ ስም ቴሌግራም አመጣ። በፈረንጅ ፊደል ይጻፍ እንጂ ቃሉ አማርኛ ነው። እንዲህ ይላል፦ ደህና ነኝ፣ ሲኞራ ፈቃድ ከለከለችኝ፣ ለጥምቀት እመጣለሁ፣ ተሻለች። ልጅቷ ዓርብ አየር ማረፊያም አልሄደችም። ሲኞራዋ የገና እንግዳ አለብኝ ብላ ስላስቀረቻት ተርፋለች። አሥር አለቃው ተሻለች የሚለውን አስምረውበት፣ ታማ የነበረችው ማን ናት፣ ይህ ምሥጢራዊ ቃል አይደለም ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ተሻለች የልጅቷ ስም ነው፣ ክርስትና ስትነሣ የተሰጣት አይደለም፣ ስትወለድ እናቷ ታመው ስለዳኑ የወጣላት ነው። በሰፈራችን ታማ የነበረችው ጥሩንባዋ ብቻ ናት፤ እሷም ከማክሰኞ ወዲህ ተሽሏታል።

ቴሌግራሙን ይዤ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። አቶ ገብረማርያምን ደጅ ላይ አገኘኋቸውና የልጅቷን መሞት ከማን ሰሙ ብዬ ጠየቅኳቸው። ካንተ ነው እንጂ ብለው መለሱልኝ። እኔ ደግሞ ከእርስዎ ነው አልኳቸው። ቴሌግራሙን ግን አላሳየኋቸውም። በድንኳኑ ሽንቁር አየሁ፤ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ደረታቸውን እየደቁ የእኔ ረጅም ይላሉ። ይህን ወረቀት አሁን ባነብላቸው እልል ይባላል፣ ድንኳኑ ይነሣል፣ ሰው ይበተናል። በዛብህም ለሁለተኛ ጊዜ ሳይለቀስለት ይቀራል። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ባለቤቴ ካሳነሽ ነገሩን ስነግራት፣ እናት ሕያው ልጇን ስታለቅስ ዝም ትላለህ፣ አንተ ሰው ነህ? አለችኝ። ይህ ጥፋቴ ነው፤ ያለ ምንም ማመካኛ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። ከሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማክሰኞ ማለዳ ድረስ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጃቸው በሕይወት መኖሯን አያውቁም ነበር። ከእኔና ከባለቤቴ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ሲነጋ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ይቅርታውን በሥራዬ ልጠይቅ ብዬ ወሰንኩ።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 22 ቀን፣ የሠልስቱ ዕለት ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጥሩንባዬን ይዤ ወጣሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ አቶ ገብረማርያምም አያውቁም። ከአጣና ተራ መታጠፊያ ጀምሬ እስከ ድልድዩ በሰባቱም ቦታ ቆሜ ነፋሁ። የተናገርኩት ቃል በሰባቱም ቦታ አንድ ነው፤ ይኸውም፦ የላይኛው ሰፈር መረዳጃ እድር አባላት ስሙ፣ የእሑዱ ጥሪ እርማት አለው፣ ተሻለች ተክለሃይማኖት በሕይወት አለች፣ ሮም ናት፤ ያረፈው ወንድሟ በዛብህ ተክለሃይማኖት ነው፤ ለቅሶው እዚያው ቤት ነው። ድምፄ የተሰበረው በሦስተኛው ቦታ፣ እነሱ ደጃፍ ላይ ነው። ከመንፋቴ በፊት ከሱቄ መደርደሪያ ላይ ሱሪውን አውርጄ በክንዴ ይዤ ነበር። ልብስ የሌለው ለቅሶ ለቅሶ አይባልም፤ የሟች ልብስ ድንኳን ውስጥ መያዝ አለበት።

ሰባቱን ጨርሼ ስመለስ ወይዘሮ ወለተጻድቅ የድንኳኑን ቋሚ ተደግፈው ወጡ። ስምንት ዓመት ያላየሁትን ዓይናቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። “ዱባለ፣ በየትኛው ልጀምር?” አሉኝ። በአንድ እጄ ቴሌግራሙን፣ በሌላው ሱሪውን ሰጠኋቸው። ቴሌግራሙን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ሱሪውን ዘርግተው ጫፉን በጣታቸው ለኩ፣ ሦስት ጣት መሆኑን አይተው “ይበቃው ነበር” አሉ። ከዚያ ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

ተሻለች መትረፏን የሰሙ ሴቶች እልል ማለት ጀምረው ነበር። ወይዘሮ ወለተጻድቅ በእጃቸው ከለከሏቸው። የእኔ ከተረፈች እዚያ የወደቀው የሌላ እናት ልጅ ነው፣ እልልታውን ለጥምቀት አቆዩት አሉ። ወይዘሮ ፋሪዳም አሁን እዚያ ስንት ቤት ድንኳን ተተክሎ ይሆን ብላ ተቀመጠች። ሮሞች ድንኳን ይትከሉ አይትከሉ አናውቅም፤ እንደምናውቀው አለቀስንላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ወይዘሮ ወለተጻድቅ በዛብህ ብለው በስሙ የጠሩት።

ይህን ነጥብ አሥር አለቃው በደንብ እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ። ያንን ስም በአደባባይ መጀመሪያ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ሰባት ጊዜ። እሳቸው ያለቀሱት ጥሩንባ የነገራቸውን ነው። የእድር ጥሩንባ የልጅሽ ስም ይህ ነው ሲላት የማታለቅስ እናት የለችም። እሑድ ሲያለቅሱ የነፋሁትን ሐሰት አምነው ነው፤ ማክሰኞ ሲያለቅሱ የነገርኳቸውን እውነት አምነው ነው። በሁለቱም ቀን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሚጠየቅ ሰው ካለ እኔ ልጠየቅ፣ እሳቸው ይለቀቁ። ልጅቷ ለጥምቀት ስትመጣ በሩን የሚከፍትላት ሰው የለም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጓድ ደመቀ ከሁለት ጥበቃዎች ጋር መጣ። ጋሼ ዱባለ፣ ማን ፈቀደልህ? አለኝ። ለእሑዱ አንተ ፈቅደሃል፣ እኔ ስም ብቻ ነው ያረምኩት አልኩት። ሱሪውን አየ። የትምህርት ቤት ሱሪ መሆኑን አወቀው፤ እሱም ልጅ ሆኖ የለበሰው ያንኑ ጨርቅ ነው። ቆቡን አወለቀ። ሙቀት አልነበረም። ጥቂት እንደቆመ መልሶ ደፋው፣ ድንኳኑ ይነሣ አለ፣ ወይዘሮ ወለተጻድቅንም ያዙ አለ። እኔን ለምን እንዳላሰረኝ አላውቅም፤ ምናልባት ካኪ ኮቱ እኔ ጋ ስላለ ይሆናል። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሲወሰዱ አልተቃወሙም። በአጠገቤ ሲያልፉ “ግድ የለም፣ እርሜን አውጥቻለሁ” አሉኝ። ቴሌግራሙ ሰኞ መምጣቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ሲፈቱ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ቢረግሙኝ ይገባኛል።

በኤግዚቢትነት የተያዙት አንድ የነሐስ ጥሩንባ፣ አንድ ቴሌግራምና አንድ ግራጫ ሱሪ ናቸው። ጥሩንባው የእድሩ ነው። ሱሪው ግን የእኔም የመንግሥትም አይደለም፤ ባለቤቱ ባይኖርም እናቱ አሉ፣ እንዲመለስላቸው አመለክታለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ አድምጫለሁ። ሁለት ነገር እንዲስተካከል ጠይቄአለሁ። አንደኛው፣ ጥሩንባውን በሁለቱም ቀን በስህተት ነፋሁ ተብሎ የነበረው ነው። የእሑዱ ስህተት ነው፤ የማክሰኞው እርማት ነው። ይህ በዚያው ተስተካክሎልኛል። ሁለተኛው፣ ስለ በዛብህ እርምጃ የተወሰደበት የሚል ተጽፏል፤ እኔ ግን ያልኩት የሞተው ነው። አሥር አለቃው ይህ የተለመደ አጻጻፍ ነው፣ እኔ ልለውጠው አልችልም አሉኝ። እኔም ተለምዶ ስለቆየ ነው ሰው የታሰረው አልኳቸው። ወረቀቱን አንሥተው ያንን መስመር ደግመው አነበቡት። እንግዲያው እንዳለ ይሁን ብዬ ለመፈረም ተስማምቻለሁ።

ቀሪው ቃል ከአፌ የወጣ፣ ማንም ሳይጫነኝ የተናገርኩት ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ገልብጠው ቢያዩት ስፌቱ ከውስጥም ከውጭም አንድ ነው።

ቃል ሰጪ፦ ዱባለ ወልደሰንበት (ፊርማ)

ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ቱሉ (ፊርማ)

እርማት፦ ከላይ በሦስተኛው አንቀጽ “እርምጃ የተወሰደበት” የሚለው ተሠርዞ “ሟች” ተብሎ ይነበብ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

አሥር አለቃ ቱሉ (ፊርማ)